ግቢ

ቶርኪል ቢሮዬ የመጣው ጥቅምት ላይ ነው፣ ካፖርቱ እንደረጠበ፤
ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ፣
አንድ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ባዶ፣ በአናጢ እርሳስ የተሣለ።
«ግቢ ነው የምፈልገው» አለኝ፤
«ጀርባው ለመንገዱ፣
ፊቱ ወደ ሆዱ።

እኛ ሰፈር፣ ከኦርሁስ ዳር፣
አጥሩ ቁጥቋጦ ነው፣ መስኮቱ እንደ በር፤
ቁርሴን ስቆርስ አይታጣም አንድ ከንፈር መጣጭ፣
አንገቱን አስግጎ ዓይኑን የሚወረውር።
ኢንገር ከሞተች ወዲህ
ሐዘኔን የሚጠይቁኝ በመስታወት በኩል፤
ግንብ ሥሪልኝ እባክሽ፣ ሦስት ሜትር ተኩል፣
ሰማይ ብቻ ይየኝ፣ እሱም ካልደበረው።»

ሣልኩት።
ጡቡን እንደ አመድ ግራጫ፣ ጣራውን ወደ ውስጥ ዘንበል፣
ዝናቡ ለጎረቤት ሳይሆን ለመሐሉ እንዲንቆረቆር፤
ከመሐሉ አንድ የፖም ዛፍ።
በመንገዱ በኩል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተውኩ፣
ለደብዳቤ፤
ያቺንም በቆርቆሮ ሸፈንኳት።
ጎረቤቱ ቦዲል ከፎቋ መስኮት ብታይ
ዓይኗ የት እንደሚወድቅ ክር ዘርግቼ ለካሁ፣
የአንዲትን ሴት ዓይን ወረቀት ላይ በማስመሪያ ቆረጥኩ።
ሥራችን ይኸው ነው፤
ማን ማንን እንደማያይ መለካት።

ማዘጋጃ ቤቱ ፈቀደ፣ ግንበኛው ዋጋ ሰጠ።
የረሳሁት ታኅሣሥን ነበር።

በእኛ አገር ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አትቆምም፤
በእኩለ ቀን እንኳ እንደ ታማሚ
ከትራሷ ቀና ትልና፣ አየት አድርጋ ትጋደማለች።
አሥር ዲግሪ። ደጋግሜ አሰላሁት፤
የሦስት ሜትር ተኩል ግንብ ጥላው አሥራ ዘጠኝ ሜትር ነው፣
የቶርኪል ግቢ ወርዱ ስምንት።

ስነግረው ዝም አለ፣ ሐኪም ያረዳው ይመስል።
«ልየው» አለ በመጨረሻ።

በባዶው ቦታ፣ ውርጭ ባኘከው ሣር ላይ
ሁለት አጠና ተከልን፣ ወጠርንበት ሸራ፤
የወጥ ቤት ወንበር ይዞ መጣ፣
አራት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰማዩም ጠራ፣
እሱ ግን ጥላ ውስጥ ነው፣ ጉልበቱን አቅፎ።
«ዝቅ አድርጊው።»
ገመዱን አላላሁ፣ አንድ ስንዝር። ሌላ ስንዝር።
ስምንት ስንዝር ሙሉ ምንም።
በዘጠነኛው ብርሃን ቆቡ ጫፍ ላይ አረፈ።
«ትንሽ ደግሞ።»
ግንባሩ በራ፤ ከሸራው ማዶ የሱፍ ኮፍያ ብቅ አለ።
ቦዲል ነበረች፣ ውሻዋን ይዛ፣ እንደ ሁልጊዜዋ።
ቅንድቡ ሞቀ፤ የእሷ ግንባር ታየ።
ጢሙ ላይ ያለው ውርጭ ቀለጠ፤ የእሷ ዓይን ወጣ።
ፀሐይ እሱ ላይ በወረደች መጠን
ሴትዮዋ ከሸራው በላይ ትወጣለች፤
ሁለቱንም የያዘው አንድ ገመድ፣
ገመዱም በእኔ እጅ።

ቦዲል ምንም አላለችም። ውሻው ብቻ አስነጠሰ።
«እዚህ ላይ ይቁም» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።
ስለ ፀሐይዋ ይሁን ስለ ሴትዮዋ አልጠየቅኩትም፤
አጠናው ላይ በጠመኔ ምልክት አኖርኩ፣
ጣቴ ደንዝዞ መስመሩ ጠመመ፣
ግንቡም ኋላ እንደዚያው ትንሽ ጠመመ።

በዓመቱ ሚያዝያ ላይ ጠራኝ፤ ጣራው ያፈሳል ብሎ።
ፖሙ ሦስት ቅጠል አውጥቷል፣
የደብዳቤዋ ቀዳዳ ቆርቆሮዋ ተነቅሏል፣ ማን እንደነቀለው እንጃ።
አንኳኳሁ።
ከመሐል ድምፁ መጣ፦ «ግቢ! ክፍት ነው።»
ለእኔ ይሁን ለሌላ ሴት፣ ያንንም እንጃ።
በመጀመሪያው ቀን የጠየቀኝ ግቢ ጠብቆ የሚነበበው ነበር፤
አሁንም ያው ቃል ነው፣ ያው ሁለት ፊደል፣
ላላ እንጂ።

ገባሁ። ሁለት ወንበር ነበር፣
አንዱ ላይ የውሻ ፀጉር።
የሚያፈሰውን ቦታ እስኪመሽ ፈልገን አጣነው።